እስከ መጀመሪያው የተቆፈረው አደባባይ

ከተማ ሁሉ መጨረሻ አለው። መጀመሪያ የሚኖረው ግን ትጉህ ከንቲባ ያለው ከተማ ብቻ ነው። የእኛ ከተማ ከሮም ጥቂት ራቅ ብላ፣ በሁለት ኮረብቶች መካከል ትገኛለች። ስሟን የማልጠቅሰው ከትሕትና የተነሣ ነው። ትሕትናን ያስተማሩን ከንቲባችን ክቡር ኤርሲሊዮ ናቸው፤ ሐውልታቸው ገና እንዳይሠራ በምክር ቤቱ ፊት ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ገና።

አደባባያችን ለብዙ ዘመን መጀመሪያ ሳይኖረው ኖሯል። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይቆምበት ነበር። ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወቱበት፣ እናቶች ከምሳ በኋላ ይተማሙበት ነበር። የናዛሬና ቡና ቤት ወንበሮች ከጠዋት ጥላ ወደ ከሰዓት ጥላ እየተጎተቱ ይሻገሩበት ነበር። «መቼ ተጀመረ?» ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው አልነበረም። ከዚህ ድንቁርና የወጣነው ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን በአደባባያቸው ላይ የእምነ በረድ ጽሑፍ የሰቀሉ ቀን ነው። ጽሑፉ «ይህን አደባባይ ንጉሥ መሠረተው» ይላል። የትኛው ንጉሥ እንደ ሆነ አይናገርም። ማዶዎቹ ቁጥብ ሰዎች ናቸው፤ በተለይ ማስረጃ ሲጠየቁ።

ምክር ቤቱ በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። ከንቲባችን ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሕዝብ ያለ አደባባይ ሊኖር ይችላል። አደባባይም ያለ ሕዝብ ሊኖር ይችላል። ያለ መጀመሪያ ግን ሁለቱም አይኖሩም። ስለሆነም ጥልቅ ጥናት በጥልቀት እንዲካሄድ አቅጣጫ አስቀምጠናል።»

ጡረታ የወጡት የላቲን መምህር ፕሮፌሰር አኒባሌ እጃቸውን አወጡ። «ምን ያህል ጥልቀት?»

«ከማዶዎቹ በላይ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ይህ መልስ እንደ ቀልድ ሊታይ አይገባም። በእኛ አገር ክብር የሚለካው ወደ ታች ነው። ማዶዎቹ ቧንቧ ሲቀብሩ በሰው ወገብ ልክ ጥንታዊ ንጣፍ አግኝተዋል። የእኛው በሰው ቁመት ልክ ካልተገኘ በምን ፊታችን ድልድዩን እንሻገራለን?

የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ዶክተር ፉልቪያ የመጣችው እንዲህ ባለው ጉጉት መካከል ነው። ጭቃ የማይለቀው ቡት ጫማ ታደርጋለች፤ ስትናገር ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው አጠራጥሮናል። ጭራሽ አልቆፈረችም። ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ አደባባዩ ላይ እዚህም እዚያም ወደ መሬት እየሰደደች አወጣችና፣ ከውስጡ የወጣውን አፈር ሳይፈርስ እንደ ረጅም ቋሊማ በናዛሬና ጠረጴዛዎች ላይ አጋደመችው።

«ጠረጴዛዬን!» ብላ ናዛሬና ከቡና ማሽኗ ጀርባ ብቅ አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቡና ቤቱን ከአንድ ልጇ ከሚሬላ ጋር የምታስተዳድር፣ የልቧን ለመናገር ማንንም የማታስፈቅድ ሴት ናት።

«እጠርገዋለሁ፣ እመት ናዛሬና» አለች ዶክተሯ። «መጀመሪያ ግን ይዩት። የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው።»

ተሰበሰብን። ከታች ያለው ጥቁርና የሚሸት ጭቃ ነው፤ የሸምበቆ ሥርና የተኛ ውኃ የሚወዱ የቀንድ አውጣዎች ቅርፊት ተጣብቆበታል። ከዚያ በድንገት ሌላ ነገር ይጀምራል፦ የተሰባበረ ጡብ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የተጋጠ አጥንት፣ የወንዝ ጠጠር፣ ቀይ አፈር፣ ቢጫ አፈር፣ ሁሉም ተደባልቆ። ከእሱ በላይ ተረግጦ የጠነከረ የጠጠር ወለል። ከወለሉ በላይ ሌላ ወለል፤ ከዚያ ሌላ፤ እስከ እኛ ጫማ ድረስ።

«እዚህ ረግረግ ነበር» አለች ዶክተሯ። «ሰዎች የሚኖሩት በሁለቱ ኮረብቶች ላይ ነው። ቀዩ አፈር ከዚያኛው፣ ቢጫው ከዚህኛው ኮረብታ ነው የመጣው። ከሁለቱም ወገን በቅርጫት እያመጡ እዚህ ደፍተዋል። ከደፉት በኋላ ደግሞ ማንም ቤት አልሠራበትም። ምድጃ የለም፣ መቃብር የለም። ባዶውን ጠብቀውታል። አደባባይ መሆኑን የማውቀው በዚህ ነው። መጀመሪያችሁ ይኸው።»

«ማን ነው ያዘዛቸው?» አሉ ከንቲባችን።

«የሚታይ አዛዥ የለም።»

«ንጉሥ?»

«የለም።»

«መስፍንስ? ትንሽም ቢሆን?»

«ክቡር ከንቲባ፣ የሚገናኙበት ደረቅ ቦታ ፈልገው ነው። እግራቸው እንዳይረጥብ።»

ናዛሬና ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን በጣቷ ነካ አደረገችና፣ «የተሰበረ ድስታቸውን ነው የደፉት። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው» አለች።

ከንቲባችን ፊታቸው ቀላ። «እርስዎ እንግዲህ የሚሉኝ፣ ማዶ ያሉት 'ንጉሥ መሠረተው' ብለው ሲጽፉ እኛ 'እግር እንዳይረጥብ' ብለን እንድንጽፍ ነው? አባቶቻችንን ቆሻሻ ደፊ ሊያደርጓቸው ነው?»

«አዋጥተው የሠሩ ሰዎች ነው ያልኳቸው።»

«ይህ ቆሻሻ አደባባያችንን የሸፈነው ነው። አደባባያችን ከሥሩ ነው ያለው።»

«ከሥሩ ያለው ረግረግ ነው።»

«እንግዲያው ከረግረጉም ሥር ነው» አሉ ከንቲባችን። አንድ ሰው በማስረጃ የማይረታው እንደዚህ ያለ ጽኑ እምነት ሲኖረው ነው።

ምክር ቤቱ የቀረበለትን ጥናት በአድናቆት ተቀብሎ ውድቅ አደረገው። በሙሉ ድምፅም እንዲህ ሲል ወሰነ፦ ከረግረጉ በላይ ያለው ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው፤ ይነሣ። ዶክተሯ ሮም ላለው የቅርስ ጥበቃ ዋና መሥሪያ ቤት አቤት አለች። ወሩ ግን ነሐሴ ነበር። በነሐሴ አገራችን በሙሉ ለዕረፍት ወጥቶ ባሕር ዳርቻ ይተኛል፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከአገሩ ተለይቶ አያውቅም። ከንቲባችን ደግሞ ብልህ ሰው ናቸው፦ ታሪክ ለመቆፈር የብዙ ባለሥልጣናት ፊርማ ያስፈልጋል፤ የተደፈነ ፍሳሽ ለመክፈት ግን ማንም አይጠየቅም። እናም አደባባያችን ድንገት ፍሳሹ ተደፈነበት።

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» የሚል ተረት አለ። ይህን የተረቱት ጥንታዊ አደባባይ የሌላቸው ሰዎች እንደ ሆኑ ግልጽ ነው።

የመቆፈሪያ ማሽኑ ገባ። ድንጋዩ ተነሣ፤ ጠጠሩ ተነሣ፤ ቀዩና ቢጫው አፈር ከነስብርባሪው በገልባጭ መኪና ተጫነ። ሩቅ ባለው የድንጋይ ካባ እንዲደፋ ታዝዞ ነበር። የካባው ዘበኛም እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ባሕር ዳርቻ ስለ ነበር በሩ ተቆልፎ ተገኘ። ከድልድዩ ማዶ ግን ማዶዎቹ ከቤተ ክርስቲያናቸው አጠገብ ያለውን ተዳፋት ሜዳ ለመደልደል አፈር ሲመኙ ነበርና ለሾፌሮቹ እጃቸውን አወዛወዙ። መኪናው ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። እኛ ዳር ቆመን በሄደ ቁጥር እናጨበጭባለን። ቆሻሻችንን ለማዶዎቹ! ከዚህ የበለጠ የምክር ቤት ውሳኔ በዕድሜያችን አላየንም።

ዶክተር ፉልቪያ ማሽኑ ፊት ቆመች። «የምታወጡት እኮ አደባባዩን ነው!» እያለች ጮኸች።

«ዶክተር፣ ፀሐዩ መታዎት» አሏት ፕሮፌሰር አኒባሌ፤ ጃንጥላቸውንም አዋሷት። በእኛ ከተማ ለምሁር ያለው አክብሮት ይህን ያህል ነው።

ቁፋሮው ከሰው ቁመት አለፈ። ከማዶዎቹ በለጥን። ደወል ተደወለ። ከዚያ ከታች አንድ ነገር ቡልቅ ቡልቅ አለና ጥቁር ውኃ ብቅ አለ። ማሽኑ ሸሸ። ውኃው ሳይቸኩል፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው፣ እስከ ቡና ቤቱ ደጃፍ ሞላ። በሳምንቱ እንቁራሪቶች መጡ። ከየት እንደ መጡ ማንም አያውቅም። ከንቲባችን ዳሩ ላይ ቆመው «ክቡራን ዜጎች፣ መጀመሪያው ላይ ደርሰናል!» ሲሉ አወጁ። በዚህ አንዲት ቃል አልዋሹም።

እዚህ ላይ የሠርጉን ነገር ማንሣት አለብኝ። ሚሬላ ከወይን ለቀማው በፊት ባለው ቅዳሜ ልታገባ ቀጠሮ ተይዞ ነበር፤ ሙሽራው ጉዪዶ ደግሞ የማዶ ልጅ ነው። በእኛና በማዶዎቹ መካከል ከቄስም ከዳኛም የበረታ አንድ ልማድ አለ፦ ጥንዶች የሚኖሩት የሠርጋቸው ጭፈራ የተጨፈረበት አደባባይ ባለቤት በሆነው ከተማ ነው። ጭፈራው በሙሽሪት አደባባይ ነው። የሙሽሪት ከተማ አደባባይ ከሌለው ግን በሙሽራው ይሆናል። አደባባይ የሌለው ከተማ ታይቶ ስለማይታወቅ ይህ ሁለተኛው ክፍል ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም ነበር።

የጉዪዶ አባት ሳንቲ አንድ ጠዋት በደስታ ፊቱ በርቶ ድልድዩን ተሻግሮ መጣ።

«ናዛሬና ዘመዴ፣ እንዴት ያለ ባሕር ነው ያወጣችሁት! ዋና የሚጀመረው መቼ ነው?»

«አንተን አስጥመን ስንጨርስ።»

«አይ አንቺ! እኔ እኮ ለመርዳት ነው የመጣሁት። ሠርጉ እንዳይጨናገፍ አደባባያችን ክፍት ነው። እንደውም ጠበብ ስለሚል ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሰፊ ሜዳ ደልድለን ገጥመንለታል። ጭፈራውን እዚያ እናደርገዋለን። ለልጅቷም አትስጊ፣ ክፍሏ ተቀብቷል።»

ናዛሬና የምታጥበውን ስኒ አስቀመጠች። ሚሬላ ከኋላዋ ቆማለች። በልጅነቷ ወንበር ላይ ቆማ ወተት ማፍላት የተማረችው በዚህ ቤት ነው፤ ጉዪዶም ቢሆን እዚሁ መጥቶ የቡና ማሽኑን ሊይዝ ተስማምቶ ነበር።

«ክፍሌን ማን ቅቡ አላችሁ?» አለች ሚሬላ።

«ሰማያዊ ነው፣ ልጄ። ደስ ይልሻል።»

ናዛሬና ሽርጧን እንደ ታጠቀች ማዘጋጃ ቤት ገባች። «አንተ ኤርሲሊዮ፣ ጉድጓዱን ሙላልኝ።»

«ናዛሬና፣ ይህ ጉድጓድ አይደለም። ቅርስ ነው።»

«እንቁራሪት ነው!»

«ቅርሱ ሕያው መሆኑን ያሳያል።»

«ልጄን ሊወስዱብኝ ነው። ብቻዬን እቀራለሁ። ይገባሃል? ትንሽ አፈር መልስ፣ መጨፈሪያ ያህል ብቻ።»

ከንቲባችን አዘኑ፤ ማዘናቸው ከልብ ነበር። «መጀመሪያውን እንደገና በቆሻሻ ከሸፈንነው ታሪክ ምን ይለናል? አባቶቻችን አንዴ ተሳስተዋል፤ እኛ አንደግመውም።»

ቅዳሜ ደረሰና ድልድዩን ተሻገርን። የሰው ሠርግ ላይ እንደሚሄድ እንግዳ፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ግን ሙሉ አሳማ መጠበሱን ስለ ሰማን እርምጃችንን ፈጠን አድርገን። አዲሱ ሜዳ በእርግጥ ሰፊ ነው። ጠረጴዛው ተዘርግቷል፣ በስኳር የተለበጠው ለውዝ በየሳህኑ ተቀምጧል፣ አኮርዲዮኑ ጀምሯል። ሚሬላና ጉዪዶ ወደ መሐል ወጡ። ገና አንድ ዙር ሳይዞሩ የሚሬላ ተረከዝ ለስላሳው አፈር ውስጥ ሰመጠ። ጉዪዶ ሲጎትታት ጫማዋ አንድ ጥቁር የሚያብረቀርቅ የሸክላ ስብርባሪ ይዞ ወጣ።

ናዛሬና የጋበዘቻት ዶክተር ፉልቪያ ከወንበሯ ተነሣች። ለሠርጉ ብላ ለለበሰችው ቀሚስ ሳትሳሳ መሬት ላይ ተንበረከከች። አፈሩን በእጇ ዛቅ አድርጋ አየችው፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ የወንዝ ጠጠር፣ የተጋጠ አጥንት።

«እመት ናዛሬና» አለች በዚያ ዝግ ባለ ድምፅዋ፣ «አደባባያችሁ እኮ ይኸውና። የሚጨፍሩት እሱ ላይ ነው።»

«አኮርዲዮኑን አቁም!» አለች ናዛሬና።

ቆመ። አሳማውን የሚቆርጠው ሰው ቢላዋውን እንዳነሣ ቀረ።

«ሰማችሁ? ልጄ የጨፈረችው በእኛ አደባባይ ላይ ነው። ልማዱ የሚጠይቀው 'አደባባዩ የማን ነው' ብሎ እንጂ 'የት ነው' ብሎ አይደለም። ስለዚህ ልጄ ቤቷ ትገባለች። ሳንቲ፣ ሰማያዊ ክፍልህን አከራየው!»

«እንዴ! አፈር የወደቀበት ቦታ ባለቤት ንብረት ነው!»

«ላሜ ግቢህ ብትወድቅ ላምህ ትሆናለች?»

የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ገለል ብለው ተመካከሩ። አፍታ አልቆዩም፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል። «ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «የአፈሩ ባለቤት ይመስክር። ክቡር ኤርሲሊዮ፣ ይህ አፈር የከተማችሁ አደባባይ ነው ወይስ አይደለም?»

ሁሉም ዘወር አለ። ከንቲባችን በክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ ጉንጫቸው ሙሉ ነበር። ናዛሬና አጠገባቸው ሄደች። ጩኸቷን ተወች።

«ኤርሲሊዮ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። 'ነው' በል። ሌላ ምንም ነገር ከአንተ አልፈልግም። ለጉድጓዱም ይቅር ብዬሃለሁ።»

እንግዲህ የአንድን ታላቅ ሰው ፈተና ተመልከቱ። «ነው» ቢሉ፣ አንዲት እናት ልጇን ታገኛለች። ነገር ግን «ነው» ማለት የከተማቸውን አደባባይ በገዛ እጃቸው ነቅለው፣ በገልባጭ ጭነው፣ በጭብጨባ ለማዶዎቹ አስረክበዋል ማለት ነው። ምክር ቤቱ ደግሞ በሙሉ ድምፅ ቆሻሻ ነው ብሏል። ከንቲባችን የጎረሱትን ዋጡ።

«ምክር ቤቱ ባጸደቀው መሠረት» አሉ፣ «ይህ አፈር አደባባያችንን ሸፍኖ የነበረ ቆሻሻ ነው እንጂ አደባባያችን አይደለም። አደባባያችን በቦታው አለ።»

«ውኃ ውስጥ?» አለች ናዛሬና።

«በክብር ውስጥ።»

ሳንቲ ተነሥቶ እጃቸውን ጨበጠ። «የወንድ ልጅ ቃል ይሏል ይህ ነው! እንግዲህ ቆሻሻው የእኛ ነው፣ አደባባዩም የእኛ ነው፣ ልጅቷም የእኛ ናት።» ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ለመሆኑ ይህ ቆሻሻችን ዕድሜው ስንት ነው?»

«ወደ ሃያ ሰባት መቶ ዓመት ይጠጋል።»

«የኛ ንጣፍስ?»

«በብዙ ያንሳል።»

ማዶዎቹ ብርጭቆ አነሡ። እኛም አነሣን፤ ወይኑ ጥሩ ነበር። ሚሬላ የእናቷን እጅ ይዛ «እማዬ፣ ድልድዩ እኮ አጭር ነው» አለቻት።

«ሊጠይቅ ለሚመጣ አጭር ነው» አለች ናዛሬና። «ለሚቀር ግን አያልቅም።»

ሰኞ ጠዋት ቡና ልንጠጣ ስንሄድ በሩ ተከፍቷል፣ ማሽኑ ግን የለም። ናዛሬና ማሽኑን በጉዪዶ ትንሽ መኪና አስጭና፣ ወንበሮቹን ከላይ በገመድ እያሰረች ነበር።

«ወዴት ነው?» አልናት።

«ወደ አደባባዬ። ልጄም እዚያ ናት፣ አፈሬም እዚያ ነው። እዚህ ማንን አጠጣለሁ፣ እንቁራሪት?»

በዚያ ሳምንት እኛ የከተማችን ልጆች ታላቅ ጽናት አሳየን፤ እስከ ረቡዕ ድረስ ማንም አልተሻገረም። ረቡዕ ካርታ ተጫዋቾቹ ሄዱ። ሐሙስ ገበያተኞቹ መኪናቸውን የሚያቆሙበት ደረቅ መሬት ስላጡ ድልድዩን ተሻገሩ፤ ገበያተኛው ከተሻገረ እናቶች ተሻገሩ፤ እናቶች ከተሻገሩ ሐሜቱ ተሻገረ፤ ሐሜት የሌለበት ከተማ ላይ ደግሞ ማን ይቀመጣል? ፕሮፌሰር አኒባሌ «ለንጽጽር ጥናት» ብለው ሄደው እዚያው ዋሉ። ምክር ቤቱ ሳይቀር ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው በናዛሬና ጠረጴዛዎች ዙሪያ ሆነ። ማዶዎቹ በመጀመሪያ ተሳለቁብን፣ ቀጥሎ ወንበር አዋሱን፣ ቀጥሎ ከሚስቶቻችን የዘይታቸውን ዋጋ መደበቅ ተዉ። እዚህ ማን ከማዶ፣ ማን ከወዲህ እንደ ሆነ ቀስ በቀስ መለየት አስቸገረ።

ከንቲባችን ግን ቆዩ። ከመጀመሪያው ጋር ብቻቸውን ዳር ላይ እየተመላለሱ ጠበቁት፤ ትንኞቹም እሳቸውን ጠበቁ። በመጨረሻ፣ ወይኑ ሁሉ ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ረጠበ፣ ድልድዩን ተሻግረው መጡና ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ፀሐይ ላይ ዘረጉ። ዙሪያውን አዩ፦ ሽማግሌዎቹ ካርታ ይጥላሉ፣ ሚሬላ ትሪ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሐል ትሽሎከለካለች፣ ሳንቲና አንድ የእኛ ሰው ስለ አይብ ይጨቃጨቃሉ። ሽሩባዋ የተፈታ ሕፃን በጠጠሩ ላይ ተንደርድራ ወድቃ ተነሣች።

ናዛሬና ቡናቸውን አምጥታ አስቀመጠች።

«እንዴት ያለ ሕይወት ያለው አደባባይ ነው!» አሉ ከንቲባችን በቅናት። «እኛ እንዲህ ያለ መሥራች ብናገኝ ኖሮ የት በደረስን። ለመሆኑ ናዛሬና፣ ይህንን ማን ነው የመሠረተው?»

«አንተ ነህ፣ ኤርሲሊዮ» አለች ናዛሬና። «አፈሩንም ያመጣኸው አንተ፣ ሕዝቡንም ያመጣኸው አንተ።»

ክቡርነታቸው ቡናቸውን ፉት አሉ። ጥቂት አሰቡበት። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

«ይህማ» አሉ፣ «በይፋ ሊገለጽ ይገባዋል።»